ወር ለሚቆይ እንግዳ የአልጋ ዋጋ ስንት ነው?



የዛሬው ዝግጅታችን ሆቴል ወይም ፔንሲዮን ውስጥ ሦስት ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር መቆየት ግድ የሚሆንባቸውን ሰዎች ይመለከታል። ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ ሕመምተኛ ይዘው አዲስ አበባ የሚመጡ አሉ። ሐኪሙ «ውጤቱ በሳምንት ይደርሳል፣ ከዚያ እናያለን» ይላቸዋል፤ ሳምንቱ ወር ይሆናል። መሥሪያ ቤታቸው ለሥልጠና የላካቸው አሉ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚያመላልሳቸው፣ ቪዛ የሚጠብቁ፣ የጀመሩትን ቤት ለማስጨረስ ከውጭ የመጡም አሉ። የእነዚህ ሰዎች ኪስ የሚራቆተው ከሁሉ በላይ በአልጋ ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄደው መንገደኛ የሚከፍለውን ያህል ሙሉ ወር ይከፍላሉ። የሚጠይቁትም ቢሆኑ «ትንሽ አትቀንሱልንም?» ብለው ያቆማሉ። ትንሽ ለጠየቀ ትንሽ ይሰጠዋል፤ መቶ ብር ይቀነስለትና አመስግኖ ቁልፉን ይቀበላል።

የሚያስቆጨኝ፣ ወር የሚቆይ እንግዳ ለሆቴሉ ትልቅ ነገር ይዞ እንደመጣ ሳያውቅ መለማመጡ ነው። የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ በባለሆቴሉ ወንበር ላይ እንቀመጥ። ወረቀትና እርሳስ በቅርባችሁ ካለ ያዙ፤ ትንሽ ሂሳብ አለብን።

ዳቦ ቤት ያደረ ዳቦ ቢያንስ በቅናሽ ይሸጣል። ሰው ሳይተኛበት የነጋ አልጋ ግን የዚያን ሌሊት ገቢ ይዞ ሄዷል፤ ነገ በሁለት እጥፍ ዋጋ ቢከራይም የትናንቱን አይመልስም። የቤቱ ኪራይ ወይም የባንክ ብድሩ፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የሪሴፕሽኑ ደመወዝ ግን እንግዳ ኖረም አልኖረም ይከፈላል። ስለዚህ ባለሆቴሉ ማታ ማታ የሚቆጥረው ባዶ ክፍሎቹን ነው።

አሁን ለስሌት እንዲመቸን አንድ ክፍል በሌሊት 2,500 ብር ነው እንበል። ክፍሉ በወር ውስጥ 20 ሌሊት ይያዛል፣ 10 ሌሊት ባዶውን ያድራል። የወሩ ገቢ 50,000 ብር ነው ማለት ነው። እናንተ መጥታችሁ 30ውንም ሌሊት ያዛችሁት። ያን ጊዜ በነዚያ ባዶ በነበሩት 10 ሌሊቶች ተጨማሪ ወጪ ይመጣል፤ ጽዳት፣ አንሶላ ማጠብ፣ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቁርስ። ይህን በሌሊት 250 ብር ብናደርገው 2,500 ብር ይሆናል። ከ50,000 ጋር ስንደምረው 52,500፤ ለ30 ሌሊት ሲካፈል 1,750 ብር። እንግዲህ ባለሆቴሉ በሌሊት 1,750 ብር ቢያስከፍላችሁ፣ ከጠረጴዛው ዋጋ 30 በመቶ ቀንሶም እንኳ፣ አንድ ብር አልከሰረም። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ሁሉ ትርፉ ነው። በዚያ ላይ ወር ሙሉ ስለዚያ ክፍል ማሰብ ያቆማል።

ቁጥሮቹ ከከተማ ከተማ፣ ከሆቴል ሆቴል ይለያያሉ። መንገዱ ግን ያው ነው። ግማሹን ጊዜ ባዶ የሚያድር ሆቴል ዋጋው ከዚህም ይወርዳል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሞላ ሆቴል ግን ብትለምኑትም የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት ዓይናችሁን ተጠቀሙበት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስንት መስኮት መብራት አለው? ሪሴፕሽኑ ጀርባ ላይ ስንት ቁልፍ ተሰቅሏል? በግቢው ውስጥ ስንት መኪና ቆሟል? የሆቴሉን ጠባይ ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ ሰው የለም።

ሌላም የምትይዙት ካርድ አለ። ሆቴሉ በኢንተርኔት የማስያዣ ድረ ገጾች ላይ ካለ፣ በነሱ በኩል ለመጣለት እንግዳ ኮሚሽን ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ አካባቢና ከዚያም በላይ። ከ2,500 ብር ላይ 375 ብር መሆኑ ነው። እናንተ በእግራችሁ ወይም በስልክ ቀጥታ ከመጣችሁ ያ 375 ብር ከሆቴሉ እጅ አይወጣም። በድረ ገጹ ላይ ያለውን ዋጋ በስልካችሁ ከፍታችሁ ማሳየትና «ኮሚሽኑን ለሌላ ከምትከፍሉ ለኛ ቀንሱልን» ማለት ነውር የለውም። ድርድሩ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው።

ማንን ነው የምናነጋግረው? ሪሴፕሽን ላይ የቆመችው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከተሰጣት ዋጋ ውጪ የመወሰን ሥልጣን የላትም። እሷን ማስጨነቅ እሷንም ይጎዳል፣ እናንተንም አይጠቅምም። በትሕትና «ለረጅም ጊዜ ልንይዝ ነው፤ ማናጀሩን ወይም ባለቤቱን ማግኘት እንችላለን?» በሏት። ፔንሲዮን ከሆነ ባለቤቱ ወይም ባለቤቷ ብዙ ጊዜ እዚያው ናቸው። ትልቅ ሆቴል ከሆነ የሽያጭ ክፍል አለው፤ ለድርጅቶች የሚሰጥ የውል ዋጋም አለው። መሥሪያ ቤታችሁ ከላካችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ «የድርጅት ዋጋችሁ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻውን የማያገኘውን ዋጋ ያ ደብዳቤ ያስገኛል።

ሰዓቱም ይመረጥ። ጠዋት እንግዳ ሂሳብ ዘግቶ በሚወጣበት ግርግር ወይም ማታ ሻንጣችሁን ጎትታችሁ ደክማችሁ በደረሳችሁበት ሰዓት ድርድር አይደረግም። ማታ የመጣ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ እንደማይፈልግ ባለሆቴሉ ያውቃል። የመጀመሪያዋን ሌሊት በተባለው ዋጋ እደሩ፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩ። አንድ ሌሊት ማደሩ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወቅቱን ደግሞ ልብ በሉ። አዲስ አበባ በየካቲት አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲቀርብ ትሞላለች። ጥር የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው፤ ጎንደር ለጥምቀት፣ ላሊበላ ለገና አልጋ አይገኝባቸውም። ቢሾፍቱና ሐዋሳ ቅዳሜና እሑድ ይደምቃሉ፣ ሰኞ ይቀዘቅዛሉ። ክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎብኚ የሚያዘወትራቸው ከተሞች የሚቀዘቅዙበት ስለሆነ የእናንተ ቃል የሚከብደው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ድርድሩ እንዴት እንደሚሄድ በምሳሌ እንስማው። እናቷን ለሕክምና ይዛ ከደሴ የመጣች ሴት ናት እንበል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አንድ ሌሊት አድረዋል። ወሩ የዓቢይ ጾም ነው። ማናጀሩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ማታ በስተጀርባ ባለው ክፍል ያደርነው እኛ ነን።»

«አዎ አዎ። እናትሽ እንዴት አደሩ?»

«ተመስገን፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጸጥ ያለ ክፍል ነው፤ ወደውታል። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ተመላለሱ ስላለን ወር ያህል መቆየታችን ነው። ለወር ስንት ያደርጉልናል?»

«ዋጋችን 2,500 ነው። ለእናትሽ ስል 2,300 ላድርግልሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ ያሰብኩትን ልንገርዎት። የአሥር የአሥር ቀኑን ቅድሚያ እከፍላለሁ፤ የመጀመሪያውን ዛሬ። አንሶላው በሦስት ቀን አንዴ ቢቀየር ይበቃናል። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ቁርስ አልበላም፤ ለእናቴ ብቻ ይቅረብላቸው። በ1,700 ይያዙልኝ።»

«1,700 አያዋጣኝም፣ የኔ ልጅ። ውኃ በቦቴ የማስመጣበት ቀን አለ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይበላል።»

«ልክ ነው። ስንት ቢሆን ያዋጣዎታል?»

«1,900።»

«ታክሱም ሰርቪሱም ገብቶበት?»

«ገብቶበት።»

«እንግዲያው 1,800 ይበሉኝና የአሥር ቀኑን አሁን ልክፈል።»

«ይሁን። እናትሽን ይማርልሽ።»

በሌሊት 700 ብር፣ በ30 ሌሊት 21,000 ብር ተረፋት። ይህ ገንዘብ መድኃኒት ይገዛል፣ ለራጅና ለላብራቶሪ ይከፈላል። ይህች ሴት ያደረገችውን ልብ በሉ። ክፍሉን አላጣጣለችም፤ ዕቃን በማንቋሸሽ ዋጋ ማስወረድ ገበያ ላይ ይሠራ ይሆናል፣ ወር ሙሉ አብሮ ከሚኖር ሰው ጋር ግን ቅሬታ ያስቀምጣል። ለምትጠይቀው ቅናሽ ምክንያት አቅርባለች፤ ቅድሚያ ክፍያ፣ የቀነሰ ጽዳት፣ የቀረ ቁርስ። ሰውየው «አያዋጣኝም» ሲሉ አልተከራከረችም፤ «ስንት ቢሆን ያዋጣዎታል?» ብላ ቁጥሩን እሳቸው እንዲጠሩ አደረገች። እኔ በድርድር ውስጥ ከዚህ ጥያቄ የተሻለ አላውቅም። ሰውየውን ያከብራል፣ ድርድሩንም አይዘጋም።

የቁርሱን ነገር ትንሽ ላስረዝመው። አብዛኞቹ ሆቴሎቻችን ዋጋቸውን የሚናገሩት ቁርስን ጨምረው ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚጾም ሰው ያን ሁሉ ጠዋት ያልበላውን ይከፍላል። ረመዳን ላይ ያለ ሙስሊም እንግዳም እንዲሁ። ወይ ከዋጋው ይቀነስላችሁ፣ ወይ ቁርሱ ወደ ምሳ ወይም ወደ እራት ይለወጥላችሁ፤ ለረመዳን ሱሑር እንዲዘጋጅ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ማናጀሮች ይህን ለማድረግ አያንገራግሩም፤ የሚያነሳው እንግዳ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ እንሂድ፤ ታክስና ሰርቪስ። በትልልቅ ሆቴሎች «ፕላስ ፕላስ» ሲባል ትሰማላችሁ። ከተነገራችሁ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ብዙዎቻችን ቫት የምንለው፣ ይጨመራል ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 25 በመቶ ይመስላሉ፤ ግን ታክሱ በሰርቪሱም ላይ ስለሚታሰብ 26.5 በመቶ ነው የሚሆኑት። በ1,750 ብር የተስማማ ሰው ፕላስ ፕላስ መሆኑን ካልጠየቀ ሂሳቡ ሲመጣ በሌሊት 2,213 ብር ከ75 ሳንቲም ይጠብቀዋል። በወር 13,912 ብር ከ50 ሳንቲም ያላሰበው ወጪ መጣበት። ተከራክሮ ያስቀነሰው አብዛኛው ገንዘብ ተመልሶ ሄደ። ስለዚህ ስለ ዋጋ በተነጋገራችሁ ቁጥር «ሁሉ ገብቶበት ነው?» ማለትን አትርሱ።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ «ደረሰኝ ካልፈለጉ እቀንስልዎታለሁ» የሚል ነገር ይመጣል። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አትቀበሉ። ሕገ ወጥ ነው። ሕጉን ብንተወው እንኳ ያለ ደረሰኝ የከፈለ ሰው መክፈሉን የሚያሳይ ነገር በእጁ የለም። ቅድሚያ የሰጣችሁት የአሥር ቀን ገንዘብ «አልተቀበልንም» ቢባል ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ? መሥሪያ ቤት የሚተካላችሁ ወጪ ከሆነ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አንድ ሳንቲም አታገኙም።

አንድ ሌሊት አድሮ የማየቱን ነገር እመለስበታለሁ ብያችሁ ነበር። ወር ለሚቆይ ሰው፣ በተለይ ሕመምተኛ ለያዘ፣ ዋጋው ብቻ አይበቃም። ውኃ ሲጠፋ ታንከር አለ ወይ? መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ክፍሉን ያበራል ወይስ ኮሪደሩን ብቻ? የጄኔሬተሩ ድምፅ በየትኛው ክፍል ሥር ነው? ቦይለሩ ማታም ጠዋትም ይሠራል? ከጎን ያለው ቤት የምሽት ጭፈራ ቤት ነው? ደረጃው ስንት ነው፣ ሊፍቱስ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ታውቁታላችሁ። ያያችሁትን ችግር ደግሞ ለቅናሽ ከመጠቀም ይልቅ የተሻለ ክፍል ለማግኘት ተጠቀሙበት። ማናጀሩ ከዋጋ ዝቅ ማለት ባይችል እንኳ ሌላ የሚሰጠው አያጣም፤ ትንሽ ፍሪጅ፣ ውኃ ማፍያ፣ በሳምንት የተወሰነ ልብስ በነፃ ማጠብ፣ ለአስታማሚ ተጨማሪ ፍራሽ። ለሕመምተኛ መድኃኒት ማስቀመጫ ፍሪጅ ከመቶ ብር ቅናሽ ይበልጣል፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ይህን ያውቀዋል።

የወሩን ሙሉ ክፍያ በአንድ ጊዜ አትክፈሉ። ባለሆቴሉ ለሙሉ ክፍያ ተጨማሪ ቅናሽ ቢያቀርብም በመጀመሪያው ወር አልመክርም። የአሥር ቀን ወይም የሳምንት ቅድሚያ ለሁለቱም ወገን ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ብዙ ሰው ያልፈለገውን ጠብ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ለወር ብላችሁ በቅናሽ ያዛችሁ፤ ሕክምናው ግን በ18 ቀን አለቀ። ሆቴሉ «የተቀነሰላችሁ ለወር ነበር፤ ወደ ቀን ዋጋ እንመልሰዋለን» ይላል። በ1,800 የተከፈለው ወደ 2,500 ሲመለስ በሌሊት 700፣ በ18 ሌሊት 12,600 ብር ተጨማሪ ክፈሉ ሊባል ነው። ከነሱ አንጻር ፍጹም ጥፋት የለበትም፤ ቅናሹን የሰጡት ለወር ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ደረጃ ማውጣት ነው። ከ7 ሌሊት በላይ ከቆየን ስንት፣ ከ15 በላይ ከቆየን ስንት፣ ወር ከሞላ ስንት። በየትኛውም ቀን ብትወጡ በየትኛው ዋጋ እንደምትታሰቡ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። የሕክምና ነገር ሰው እንዳቀደው እንደማይሄድ ማናጀሩም ይረዳል፤ ቀድሞ ከተነገረው ይስማማል።

ይህን ሁሉ በወረቀት አስፍሩት። የጠበቃ ውል አያስፈልግም። አንድ ገጽ ላይ የክፍሉ ቁጥር፣ የገባችሁበት ቀን፣ በሌሊት የተስማማችሁበት ዋጋ፣ ታክስና ሰርቪስ መግባቱ፣ ቁርሱ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ቀድማችሁ ብትወጡ የሚታሰበው ዋጋ፣ ከክፍሉ በበዓልም ሆነ በጉባኤ ጊዜ እንደማትነሱ። ማናጀሩ ይፈርም፣ ማኅተም ይደረግበት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የመጨረሻዋን ነጥብ አትናቋት፤ ጉባኤ ሲመጣ በቅናሽ የያዘ እንግዳ ነው መጀመሪያ «ክፍሉን ቢለቁልን» የሚባለው። ማናጀር ይቀየራል፣ የፈረቃ ሠራተኛ ይቀየራል፤ ወረቀቱ ግን እዚያው አለ።

ከውጭ ለምትመጡ አድማጮቻችን ሁለት ነገር ልጨምር። ፓስፖርታችሁ የውጭ ከሆነ ዋጋው በዶላር ሊነገራችሁ ይችላል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ፣ ካላችሁ ከድርድሩ በፊት አሳዩና የሀገር ሰው ዋጋ ጠይቁ። በዶላር ከተስማማችሁም በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚታሰብ ይጻፍ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በወር ውስጥ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

በአሜሪካ የምትኖሩና ለሥራ ከከተማ ከተማ የምትዘዋወሩ ደግሞ በአብዛኛው ኩሽና ባላቸው፣ ዋጋቸው በሳምንት በሚታሰብ ሆቴሎች ነው የምታርፉት። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሬዚደንስ ኢን የተባለው ሆቴል በ1975 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ ሲከፈት የታሰበው ሰንብቶ ለሚቆይ እንግዳ ነበር። እዚያ ከዋጋ ቅናሹ በላይ የሚያዋጣው አንዳንዴ ከታክስ ነፃ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ዳላስና ሂውስተን ያሉበት ቴክሳስ ውስጥ ግዛቱ 6 በመቶ የሆቴል ታክስ ይሰበስባል፤ 30 ቀንና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ የሚቆይ እንግዳ ግን ከዚህ ታክስ ነፃ ነው። ስትገቡ 30 ቀን እንደምትቆዩ በጽሑፍ ካሳወቃችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይታሰብባችሁም፤ ካላሳወቃችሁ የመጀመሪያውን 30 ቀን ከፍላችሁ ከዚያ በኋላ ነው ነፃ የምትሆኑት። በጽሑፍ ያሳወቀ ሰው ቀድሞ ከወጣ ታክሱ ይጠየቃል። ሌሎች ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ያላችሁበትን ቦታ ጠይቁ።

ወደ አዲስ አበባው እንግዳችን ልመለስ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ሕክምናው ካላለቀ፣ የመጨረሻው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። በ25ኛው ቀን ገደማ ማናጀሩን እንደገና አነጋግሩት። እስከዚያ ሰዓታችሁን ጠብቃችሁ ከፍላችኋል፣ ክፍሉን በንጽሕና ይዛችኋል፣ ሠራተኞቹ ለምደዋችኋል። ሁለተኛውን ወር ከመጀመሪያው ባነሰ ዋጋ መጠየቅ ይገባችኋል፤ «በያዝነው ዋጋ ይቀጥል» ቢሏችሁም በዚያው መስማማት ነው። ክፍላችሁን ለምታጸዳው ሴት በየሳምንቱ መጨረሻ በእጇ የምትሰጧትን ጉርሻ ግን በቅናሹ ሰበብ አትቀንሱባት፤ በሌላ ሰው እጅ ስለማታልፍ በቀጥታ ለሷ ትደርሳለች።